ጠዋት ጠዋት የሚተነፍስ ጎማ

ወልዱ በጃንሆይ ጊዜ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። አንድ ጊዜ ደብረ ዘይት ደርሶ መልስ ተወዳድሮ ዘጠነኛ ወጥቷል። ይህ ዘጠነኝነቱ ግን ዓመት በመጣ ቁጥር እየተሻሻለ ሄዶ፣ ደርግ አምስተኛውን የአብዮት በዓል ባከበረበት ዓመት ሦስተኛ ላይ ደርሶ ነበር። ሰፈርተኛው አልተቃወመም። በዚህ አያያዙ ጥቂት ዓመት ቢታገሡት አንደኛ መውጣቱ አይቀርም።

ከዚያ ዘመን የተረፈችው ኮርሳ ብስክሌቱ ከቁስቋም ማርያም በታች ካለው ቤቱ እስከ አራት ኪሎ መሥሪያ ቤቱ ታመላልሰዋለች። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት፣ ለአውቶቡስ የሚሰለፈው ሰው ከቀበሌ ስብሰባ በሚበልጥበት ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያለው ሰው ቢኮራ አይፈረድበትም። አለቃው ልክ ሁለት ሰዓት ላይ የፊርማው ወረቀት ላይ ቀይ መስመር ሲያሰምር፣ የወልዱ ፊርማ ሁልጊዜ ከመስመሩ በላይ ነው።

ጣጣው ክረምት ነው። የብስክሌቷ ጎማዎች ከአውራ ጣት የማይሰፉ፣ ልሙጥ ናቸው፤ የሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ደግሞ በሐምሌ ሳሙና የተቀባ ይመስላል። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ ወደቀ። አንዴ እንጨት ከጫነች አህያ ሥር ገባ፤ አንዴ ክንዱ ተሰብሮ ሁለት ወር በጀሶ ሰነበተ። ጀሶው የተፈታ ዕለት ሚስቱ ሙሉእመቤት ቁስቋም ወስዳ አስማለችው፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀ ብስክሌቷ ትሸጣለች።

«ሸጎሌ ከብት ገበያ ወስጄ ከበጎቹ መሀል ነው የማቆማት» አለችው።

ሙሉእመቤት ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። ወልዱም ማለ፤ ግን ፈራ። ከወጣትነቱ የቀረችው ያቺው ብስክሌት ብቻ ነበረች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሽሮ ሜዳ ወዳለው ጎሚስታ ወደ ጀላል ሄደ። ጀላል አገላብጦ አያትና፣ ለክረምት ወፈር ያለ ጥርሳም ጎማ ይሻል ነበር፣ ነገር ግን ጎማውን የሚያቅፉት ብረቶች ጠባብ ስለሆኑ አያስገቡም አለው። የቀረው መላ አየሩን ቀነስ ማድረግ ነው፤ ጎማ ለስለስ ሲል መንገዱን ይይዛል። ወልዱ እናቱን የሰደቡበት ያህል ተቆጣ። የውድድር ጎማ እንደ ድንጋይ መጠንከር አለበት፤ ደብረ ዘይት ደርሶ መልስ ሦስተኛ የወጣ ሰው ቆሞ ሳለ ጎሚስታ ምን ያውቃል? ቤቱ ተመለሰና መንፊያውን አንሥቶ ላብ እስኪያጠምቀው ነፋ።

የሚገርመው፣ በዚያ ክረምት ማታ የተነፋው ጎማ ጠዋት ለስለስ ብሎ ይገኝ ጀመር። አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም፤ በየጠዋቱ። መልሶ እንዳይነፋው ቀይ መስመሩ አለ፤ እያጉረመረመ ይወጣል። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌም አለፈ፣ ወልዱ አልወደቀም። ቢሮ ውስጥም በተነፈሰ ጎማ እንኳ እንደማይወድቅ፣ ይህም የልምድ ነገር እንደሆነ ማውራት አመጣ።

ቢሆንም ነገሩ ስላላስቻለው ጎማውን ጀላል ጋ ወሰደው። ጀላል የውስጡን ጎማ አውጥቶ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ እየነከረ አዞረው። አንዲት አረፋ አልወጣችም።

«ጋሽ ወልዱ፣ ይሄ ጎማ ምንም ቀዳዳ የለበትም» አለ ኮስተር ብሎ። «እርስዎ ቤት ሲያድር ብቻ ነው የሚተነፍሰው።»

ወልዱ የእንጦጦ ብርድ ነው ብሎ ደመደመ።

ነሐሴ አንድ ቀን ፍልሰታ ገባ። ሙሉእመቤት እንደ ልማዷ ነጠላዋንና በሶዋን ይዛ ቁስቋም ሱባኤ ገባች። በማግስቱ ጠዋት ወልዱ ጎማውን ሲጨብጠው ድንጋይ ነው። በሦስተኛውም ቀን ድንጋይ ነው። የሚስቱ ጸሎት እንዲህ ቶሎ መድረሱ ደንቆት ስለት ሊሳል ምንም አልቀረውም። በአራተኛው ቀን ሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ላይ ጎማው ከዳው። እሱ በአንድ በኩል፣ ብስክሌቷ በሌላ በኩል ተንሸራትተው ጀላል ደጃፍ ላይ ተገናኙ።

ጉልበቱ ተልጦ፣ ሱሪው ተቀዶ፣ ጭቃው ላይ እንደተቀመጠ ማሰብ ጀመረ። ክረምቱን በሙሉ ሲተነፍስ የከረመ ጎማ ሙሉእመቤት በሄደች ማግስት ዳነ። ኪዳን ለማድረስ በየጠዋቱ ከእሱ ቀድማ የምትወጣው እሷ ናት፤ ብስክሌቷ የምትቆመውም በሩ አጠገብ ነው። ቀና ብሎ ጀላልን አየው። ጀላል መሬት መሬት ያያል።

«አንተ ነህ የነገርካት?»

«እርስዎ እምቢ ሲሉኝ ምን ላድርግ፣ ጋሼ» አለ ጀላል።

ሱባኤው እስኪፈታ መሐላው ሲያስጨንቀው ከረመ። መደበቅ ይችል ነበር፤ ሱሪው ተጠግኗል፣ ቁስሉም ደርቋል። የማለው ግን በቁስቋም ነው። ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ሙሉእመቤት ከስታ፣ ፊቷ በርቶ ስትመለስ፣ ወልዱ ብስክሌቷን ወልውሎ፣ ጎማዎቿን ነፍቶ፣ ለሸጎሌ አዘጋጅቶ ደጅ አቁሟት ነበር።

«ወድቄአለሁ» አላት።

ሙሉእመቤት ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ብስክሌቷ ሄደች። የፊቱን ጎማ ሎሚ እንደሚመርጥ ሰው በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጎንበስ ብላ አየሩን ትንሽ አስወጣች፤ እንደገና ተጫነችውና ይበቃል አለች።

«ይቺን ሦስተኛዋን መውደቅ በእኔ ቁጠራት» አለችው። «ለጀላል አደራ ሳልል ሄጄ ነው።»

ትሸጥብኛለች ብሎ ወልዱ ሲፈራት የከረማት ሴት ለካ ክረምቱን በሙሉ ብስክሌቱን ስትጠብቅለት ነበር። ሊያመሰግናት አስቦ አፉን ሲከፍት የወጣው ግን ሌላ ሆነ፤ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ጠንከር ማለት አለበት፣ ደብረ ዘይት ስንወዳደር እንዲያ ነበር የምናደርገው አላት።

«ስንተኛ በወጣህበት?» አለችው፣ ሁለተኛውን ጎማ እየተጫነች።

ወልዱ ብስክሌቷን ደግፎ ያዘላት።

«ዘጠነኛ» አለ።