የሳምንት አርባ ስድስት ርስት

ዋለ እንግሊዝኛ ይችላል። ይህንን ከማንም በላይ የሚያውቀው ደግሞ ራሱ ዋለ ነው። አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ባለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ፈረንጅ ሰባኪ በመጣ ቁጥር መድረክ ላይ ከጎኑ ቆሞ የሚያስተረጉመው እሱ ነው። ሰባኪው ሦስት ቃል ሲናገር ዋለ ሰባት አድርጎ ያወርደዋል፤ ሰባኪው ቀዝቀዝ ካለ ያሟሙቀዋል። ምእመናኑ “ዛሬስ ከሰባኪው ይልቅ አስተርጓሚው በረታ” እያሉ ሲቀልዱበት ደስ ይለዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል። አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በፖስታ አንድ የግብዣ ካርድ መጣ። ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ላዳመጠ ቁርስና የመቶ ዶላር የቤንዚን ካርድ ይሰጣል ይላል። ዋለ ሚስቱን ፈነትን ይዞ አየር ማረፊያው አጠገብ ወዳለ ሆቴል ሄደ። ፈነት አፕል ቫሊ ውስጥ አረጋውያን ስትንከባከብ ነው የምትውለው፤ እንግሊዝኛዋ ከሥራዋ አያልፍም። እዚያ የጠበቃቸው ሻጭ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ እንቁላሉን ራሱ ቀርቦ አቀረበላት፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ሳይቀር ጠየቃት። የሰው ቁርስ በልቶ እጅን አራግፎ መውጣት ደግሞ እንዴት ይሆናል? ገና ወረቀቱ ሳይዘረጋ ሁለቱም በይሉኝታ ታስረው ነበር።

ነገሩ ታይም ሼር ይባላል። በስተሰሜን ሦስት ሰዓት የሚያስነዳ ሐይቅ ዳር አንድ ቤት አለ፤ ሃምሳ ሁለት ገዢዎች ይካፈሉታል፣ ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ ሳምንት ይደርሰዋል። ሻጩ ሕጋዊ የባለቤትነት ወረቀት እንዳለው፣ ጊዜው እንደማያልቅ፣ ለልጆች እንደሚተላለፍ ተናገረ።

“ምን አለ?” አለች ፈነት።

“ካርታ አለው። የልጅ ልጅ ይወርሰዋል። በአጭሩ ርስት ነው።”

አይ ዋለ! ሰውየው ርስት አላለም። የሚልበት ቃልም የለው። ርስትን ከሆዱ ያወጣው ዋለ ነው። አባቱ ደሴ ላይ ሁለት ቤት ነበራቸው፤ አንዱን ይኖሩበታል፣ አንዱን ያከራያሉ። በስድሳ ሰባት ዓ.ም. የሚከራየው “ትርፍ ቤት” ተብሎ ተወረሰ። አባትየው የዚያን ቤት ካርታ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠው፣ በየፋሲካው እያወጡ እያዩ፣ “ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ” እንዳሉ ሞቱ። ዋለ ያን ጊዜ ልጅ ነበር። ካርታ የሚል ቃል ሲሰማ እስከ ዛሬ ልቡ ይደነግጣል።

ፈነት ግን የዋዛ አይደለችም። “ብንቸገር ይሸጣል ይለወጣል? ጠይቀው” አለችው። ዋለ ጠየቀ። ሰውየው ሳቀና አጭር ነገር ተናገረ።

“በፈለጋችሁት ጊዜ ይሸጣል፣ እንዲያውም ዋጋው እየጨመረ ነው የሚሄደው አለ” አላት።

ፈነት ፈረመች። ከቁጠባቸው አሥራ አራት ሺህ ዶላር ሄደ። ዋለ በዚህም አልበቃውም፤ ርስት ከሆነ ወራሽ ይኑረው ብሎ የልጁ የማዕዶት ስም እንዲገባ አደረገ። ማዕዶት ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። አባቷ ወረቀቱን ቤት አምጥቶ “ርስትሽ ነው፣ ፈርሚ” ሲላት፣ አባዬ ካለ ብላ ሳታነብ ፈረመች።

የደረሳቸው ሳምንት አርባ ስድስተኛው ነው፤ ኅዳር መግቢያ ላይ። ሐይቁ ለዋና ይቀዘቅዛል፤ በረዶው ደግሞ ሰው ለመሸከም ገና አልጠነከረም። ትምህርት ቤትም ክፍት ነው፣ ዋለ አውቶቡሱን ጥሎ የት ይሄዳል? አንድ ጊዜ ብቻ ፈቃድ ለምኖ ሄዱ። አራት ቀን ዘነበባቸው፤ መኮሮኒ እየቀቀሉ በመስኮት ውሃ ሲያዩ ከርመው ተመለሱ። ሳምንቱን በበጋ ለመለወጥ ሌላ ክፍያ አለ፤ ቢከፈልም በጋው ሁልጊዜ ተይዟል። የጥገና የሚባለው ዓመታዊ ክፍያ ግን ሄዱም ቀሩም አይቀርም። በስድስት መቶ ጀምሮ አንድ ሺህ ሦስት መቶን አለፈ።

ዋለ ሊሸጥ ወጣ። ኢንተርኔት ላይ የእሱን የመሰለ ሳምንት በአንድ ዶላር ይሸጣል፤ የሚገዛ የለም። እሱም በአንድ ዶላር አወጣው። የደወለለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሦስት ሺህ ከፍለኸኝ ላላቅቅህ የሚል። ዋለ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። ለአንድ ዕድሜ አንድ ሞኝነት ይበቃል። በመጨረሻ የሸጠለት ድርጅት ጋ ደውሎ በነጻ ውሰዱልኝ ብሎ ለመነ። አንወስድም አሉት። የአባቱን ቤት ሳይጠይቁ ወሰዱት፤ የእሱን ለምኖ እንኳ የሚወርስለት መንግሥት ጠፋ።

“እንግዲያው አልከፍልም፣ ይንጠቁኝ” አለና ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ተቀመጠ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ይመጡ ጀመር፤ ግማሾቹ በማዕዶት ስም ነበሩ። ማዕዶት ነርስ ሆና ከቤት ከወጣች ቆይታለች፤ ወረቀቱ ላይ ያለው አድራሻዋ ግን የጥንቱ፣ የወላጆቿ ቤት ነው። ዋለ ሳይከፍት ከደሴ ይዞት የመጣው የአባቱ ካርታ ባለበት መሳቢያ ውስጥ ይጨምራቸዋል። ለልጁ መንገር አፈረ። እንዴት ብሎ ይንገራት?

ዘንድሮ ማዕዶት ፍሮግታውን በሚባለው የሴንት ፖል ሰፈር በባንክ ብድር የምትገዛው ባለ ሁለት መኝታ ቤት አገኘች። ቤቷ አሮጌ ናት፣ ግን የራሷ ልትሆን ነው። ዋለ ግቢውን በእርምጃ ለካው፤ ጎመን የሚተከልበትን እንኳ አሳያት። በቤተ ክርስቲያን ተጸለየ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ማዕዶት ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች፣ ባንኩ ብድር የከለከለበትን ወረቀት ይዛ።

“አባዬ፣ ሎኔን ዲናይ አደረጉብኝ። በስሜ ኮሌክሽን ውስጥ ያለ ቢል አለ አሉኝ፣ ያልተከፈለ ዕዳ። ታይም ሼር። ዋት ታይም ሼር?”

ዋለ መሳቢያውን ከፈተ። ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም። ማዕዶት በስሟ የመጡትን ፖስታዎች አንድ በአንድ አየች፤ ሁሉም እንደታሸጉ ናቸው።

“ዩ ኒው” አለች። “ታውቅ ነበር።”

“ርስት እንዲኖርሽ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ።”

“ቤት ነበረኝ፣ አባዬ። ትናንት ለሌላ ሰው ሸጡት።” ፖስታዎቹን ሰብስባ ወጣች። መኪናዋ ሲነሳ ተሰማ።

ፈነት ሶፋው ላይ ተቀምጣ የሚያማትን ጉልበቷን ይዛለች። ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀችው።

“ያን ዕለት፣ ይሸጣል ይለወጣል ብዬ አስጠይቄህ ነበር። ሰውየው ምን ነበር ያለው?”

“ነገርኩሽ እኮ።”

“አንተ ያልከውን አይደለም። እሱ ያለውን።”

ዋለ ለማስታወስ አልተቸገረም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያቺ ቃል ከጆሮው አልወጣችም።

“‘ይህን የመሰለ ነገር ማን ይሸጣል?’ ነው ያለው። ሳቀና እንደዚያ አለ። ሌላ ምንም አላለም።”

ፈነት ራሷን ነቀነቀች።

“እኔ እኮ ሰውየው የሸጠልኝ መስሎኝ ዘጠኝ ዓመት ስረግመው ነበር” አለች። “ለካ የገዛሁት ከአንተ ነው።”