የሚዘጋ ያላቸው

አስካለማርያም ያንን ሥራ ያገኘችው በሰው በሰው ነው። ከምትኖርበት ከዳንደኖንግ በባቡር ሄዳ፣ ከጡብ በተሠራች አንዲት ትንሽ የአይሁድ ትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ ዕቃ ማጠብና ማጽዳት ነበር። ደንባቸው አልከበዳትም። የሥጋው ሳህን ከወተቱ ሳህን አይነካካም ሲሏት፣ የጾምና የፍስክ ድስት ለይታ ያደገች ሴት ናትና፣ "እሱማ እኛም ቤት አለ" ብላ ገባች። አንድ ነገር ብቻ ከነከናት። ኦቭኑን መለኮስ አይፈቀድላትም። የሚበሉት ዳቦ የሚጋገርበትን እሳት ከነሱ አንዱ ካልለኮሰው አይሆንም። ኦቭኑን እሷ ትፈትገዋለች፣ ትወለውለዋለች፤ ክብሪቱ ግን የሌላ ሰው ነው።

ያ ሌላ ሰው ሚስስ ፌላ ነበረች። በልጅነቷ ከፖላንድ የመጣች፣ ድንክ ያለች፣ አፏ የማያርፍ አሮጊት። አርብ አርብ ጠዋት መጥታ ኦቭኑን ትለኩስና ኻላ የሚሉትን የሰንበት ዳቦ ከትንንሾቹ ልጆች ጋር ትጎነጉናለች። ከልጆቹ አንዱ የልጅ ልጇ ዳቪ ነው፤ የፊት ጥርሱ የወለቀ። ይኸ ልጅ ታዲያ አያቱን በእንግሊዝኛ አያናግራትም። "ቦቤ!" ይላታል፣ አያቴ ማለቱ ነው፤ ከዚያ በአያቶቹ ቋንቋ፣ በይዲሽ፣ ይንጣጣል።

አስካለማርያም ከዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ ትሰማለች። አንድም ቃል አይገባትም። የታጠበውን ሳህን ግን መልሳ ታጥባለች።

ቤቷ ኑሀሚን አለቻ! የሴት ልጇ የብስራት ልጅ፣ አዝላ ያሳደገቻት። "ነይ ብዪ የኔ ዓለም" ስትላት "ናት ሀንግሪ፣ ግራንድማ" የምትል። አማርኛውን ትሰማለች፤ ምላሹ ግን አይመጣም። አምና አስካለማርያምና ጎረቤቷ እትዬ ሙሉወርቅ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለምነው ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ሊያስተምሩ ሞክረው ነበር። መጀመሪያ ልጆች መጡ። ቀጥሎ የዋና ልምምድ አለባቸው ተባለ፣ ቀጥሎ ልደት። በኋላ ሁለቱ ሴቶች ከባዶ ወንበር ጋር ተፋጠው ሲያወጉ ውለው ነገሩ በዚያው ቀረ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ሊያልቅ ሲል ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው ተባለ። የልጆቹ ቁጥር እያነሰ፣ ወላጆቹ ወደ ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች እየወሰዷቸው ሄዱና መቀጠል አልቻለም። እናቶች በሩ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ሰውዬ እንኳ "የልጆቹን ጫጫታ ካልሰማሁ ጠዋት ለማን ብዬ ነው የምከፍተው?" አለ።

አስካለማርያም ያን ዕለት ባቡር ውስጥ ተቀምጣ ደስ አላት። የራሷ ሥራ አብሮ መሄዱ ትዝ ያላት ቤቷ ስትደርስ ነው።

"እሰይ አልኩ" አለቻት ለእትዬ ሙሉወርቅ።

"ሥራሽ ጠፍቶ ነው እሰይ?"

"የኔን ይቅመሷታ! ያም ልጅ ነገ መንግሥት ትምህርት ቤት ገብቶ ለአያቱ በእንግሊዝኛ ይመልስላታል።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ጥርሱ በቅጡ ባልበቀለ ሕፃን ትቀኛለሽ? ጸበል ልውሰድሽ እንዴ?"

"በልጁ አይደለም የቀናሁት።"

"በማን ነው ታዲያ?"



የመጨረሻው አርብ መጣ። ልጆቹ ሽርጥ ታጥቀው ተሰልፈዋል፤ ፌላ ዘገየች። ክብሪቱ መደርደሪያው ላይ ነው። አስካለማርያም አየችው። ዛሬ እንኳ፣ አንዴ እንኳ፣ የኔ ይሁን አለችና ጫረችው። ኦቭኑ ቦግ አለ።

ፌላ እያለከለከች ስትገባ እሳቱን አየች፣ አስካለማርያምን አየች። አጠፋችው። ከዚያ እንደገና ለኮሰችው።

ዳቦው ገብቶ ልጆቹ ሲወጡ ግን ዞረችባት። "ይኸን ሁሉ ዓመት ስትጠብቂኝ ኖረሽ ዛሬ ምን ነካሽ?"

አስካለማርያም ባላት እንግሊዝኛ "አይ ጄለስ፣ ሚስስ ፌላ" አለቻት፤ ቀናሁ ማለቷ ነው።

"በምን? ትምህርት ቤታችን እየተዘጋ!"

"እናንተማ የሚዘጋ አላችሁ። እኛ የሚዘጋ እንኳ የለን።" የኑሀሚንን ነገር ነገረቻት፤ የአዳራሹንም፣ የባዶ ወንበሩንም።

ፌላ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተበላሸና ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች። "ሞኝ ነሽ። ዳቪን ወንበር ላይ አስቀምጬ ያስተማርኩት መሰለሽ? ሊጥ አሳየዋለሁ። በይዲሽ ካልጠየቀኝ አልሰጠውም። በእንግሊዝኛ ቢያለቅስ ጆሮዬ አይሰማም።"

በበጋው ዕረፍት አስካለማርያም የዳቦ ቆሎ ሊጥ አቦካች። ኑሀሚን ከቴሌቪዥኑ ተነሥታ መጣች።

"ካን አይ ሃቭ ሰም?"

አስካለማርያም እንዳልሰማች ሊጡን ታድቦለቡላለች።

"ፕሊስ፣ ግራንድማ?"

"እማዬ ስጫት እንጂ!" አለች ብስራት ከሳሎን። "ምን አጠፋች?"

"ቢዚ ነኝ" አለች አስካለማርያም።

ልጅቷ ጠረጴዛውን ዞረች። አኮረፈች፣ ሄደች፣ ተመለሰች። በመጨረሻ ከንፈሯን ጥላ "ሊጥ" አለች። እጇን ዘረጋችና ደግሞ "ሊጥ ስጪኝ፣ እማማ።"

አስካለማርያም እጇ ላይ የነበረውን በሙሉ ሰጠቻት።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ወደ ፌላ ደወለች። ልትመካ ነው፣ ምን ይደበቃል። "አወራችኝ!" አለቻት። "ሊጥ ስጪኝ አለችኝ!"

"እንዲያው ይኸን ብቻ?"

"ይኸን ብቻ።"

ከወዲያ የዳቪ ድምፅ ይሰማል፤ የሚጮኸው በእንግሊዝኛ ነው።

"በአዲሱ ትምህርት ቤት ጓደኞች አግኝቷል" አለች ፌላ። "ትናንት ሊጥ አሳየሁት። አይ ዶንት ኬር ብሎኝ ሄደ። ዛሬ እኔ ነኝ ጄለስ።"

አስካለማርያም ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች። ያን ዕለት ባቡር ውስጥ እንዲያ ያሞቃት ደስታ ነው የጠበቀችው። አልመጣም። ዳቪ ጥርሱ ወልቆ "ቦቤ!" ሲል ነው የታያት፣ እሷም ከማጠቢያው ጋ ቆማ ስትቃጠል።

"አርብ ኑሀሚንን ይዤ ቤትሽ ልምጣ?" አለቻት። "ሁለቱ ሊጥ ይሻሙ። እኛም በየቋንቋችን ካልጠየቁን እንከልክላቸው።"



"ኦቭኑንም አልነካም" ብላ አከለች።

"ዘግይተሽ እንዳትመጪ" አለች ፌላ።