ሁለቱ ማሽኖች ያልተነጋገሩበት ሳምንት

አክስቴን የሆስፒታሉ ሠራተኛ በሙሉ «ዜሮ» ብሎ ነበር የሚጠራት። ለማያውቅ ሰው ስድብ ይመስላል። ነገሩ ግን ከየትኛውም ክፍል ስልክ አንስቶ ዜሮ ቁጥርን የነካ ሰው የሚያገኘው እሷን ስለነበረ ነው። «ዜሮ፣ ቀዶ ጥገና ክፍል አገናኚኝ» ይላታል ሐኪሙ። «ባለቤቴ ወለደች ወይ?» ይላታል ከውጭ የደወለው። እሷም ከደረጃው ሥር ባለችው መስኮት አልባ ክፍል ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ገመድ እየነቀለች በሌላው እየሰካች፣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረች። ድምፅዋን የማያውቅ አልነበረም፤ መልኳን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አንድ ቀን የዓይን ሐኪሙ ሊፍት ውስጥ አጠገቧ ቆሞ ስለ አየሩ ሲያወራ፣ «አዎ፣ ሊዘንብ ነው» ብላ ብትመልስለት ደንግጦ ዞረና «አንቺ ዜሮ ነሽ እንዴ?» አላት።

ከዚያ አውቶማቲኩ የስልክ ማዞሪያ መጣ። የጫማ ካርቶን የምታክል ነገር ናት፤ ግድግዳ ላይ ሰቀሏት፣ አለቀ። ለአክስቴ «ትርፍ ሠራተኛ» የሚል ደብዳቤ ሰጧትና የሚያስቀምጡበት ቦታ ሲያጡ ኮምፒውተር ክፍል ወረወሯት። እዚያም ወረቀት ስትደረድር፣ አቧራ ስትጠርግ ቆየችና አንድ ቀን ጥግ ላይ የተጣለ የመመሪያ መጽሐፍ አንስታ ማንበብ ጀመረች። ማንም አላዘዛትም። በመዝገበ ቃላት እየታገዘች በቀን ሁለት ገጽ፣ አንዳንዴም ግማሽ። ያኔ እኔ እሷ ዘንድ ነበር የምኖረው። ዕቃ ስታጥብ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጸሎት መስሎኝ ድምፄን አጠፋለሁ። ለካስ የኮምፒውተር ትእዛዝ እያጠናች ኖሯል።

እንዲህ እንዲህ እያለች ስምንት ዓመት ሞላት። በስምንተኛው ዓመት ሆስፒታሉ ሕመምተኛ ከቤቱ ሆኖ በስልኩ ቀጠሮ የሚይዝበት ፕሮግራም አመጣ። ያመጡት ሰዎች አዲሱን ሰርቨር፣ መረጃውን የሚይዘውን ዋና ኮምፒውተር፣ ከጓዳ ተከሉና ሄዱ። ድረ ገጹን የሚያሳየው አሮጌው ሰርቨር ደግሞ አክስቴ ክፍል ነበር። ነገሩን ራት ላይ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። «የኔው ማሽን ፊት ለፊት ተቀምጦ እንግዳ ይቀበላል። ቀጠሮውን የሚያውቀው ግን የጓዳው ነው። በመሀል ፕለጊን የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ የእንግዳውን ጥያቄ ወደ ጓዳ ያደርሳል፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል። እሱን ሳያስተካክሉት ነው የሄዱት።»

የክፍሉ ኃላፊ ገና ወጣት ነው፤ ፊቱ ላይ ሁልጊዜ ያልተኛ ሰው ድካም አለ። ረቡዕ ጠዋት መጣና «እትዬ፣ ሰኞ ይከፈታል ብዬ ለዳይሬክተሩ ቃል ገብቻለሁ» አላት።

«ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«ይኸው ነገርኩዎት እኮ።»

አክስቴ መነጽሯን ጠርጋ ተቀመጠች። ፕለጊኑ የሚያነበው አንድ ፋይል አለ። በእሱ ላይ የጓዳውን ማሽን ስም፣ የሚገባበትን ቁጥር፣ የትኛው ጥያቄ ወደዚያ እንደሚተላለፍ ጻፈች። ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሳች። ገጹ ተከፈተና «አገልግሎቱ ለጊዜው አይገኝም» አላት። አንዲት ነጥብ ሳትቀር ከመመሪያው ጋር አመሳከረች። ልክ ነው። እንደገና አስነሳች። ያው ነው። የጓዳውን ማሽን ለብቻው ስትጠይቀው አጥርቶ ይመልሳል፤ የፊቱም ሌላ ሌላውን ገጽ ያለችግር ያሳያል።

«ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ አይነጋገሩም እንጂ» አለችኝ ማታ።

«እንደ አንቺና እንደ እናቴ» አልኳት። ያኔ በሆነ ነገር ተኳርፈው ነበር። አክስቴ ሳህኑን አነሳች።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። የሰርቨሩ ክፍል ለማሽኖቹ ሲባል ይቀዘቅዛል፤ አክስቴ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ ስክሪኑ ላይ አፍጣለች። ከሰዓት በኋላ የማሽኖቹ ድምፅ ከዝናቡ ጋር ተቀላቀለባት። እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ እሷም አታውቀውም፤ ብቻ ድምፁ እየራቀ፣ እየለሰለሰ ሄዶ የድሮው የስልክ መስመር ሽውታ ሆነ። ከዚያ ውስጥ ሰዎች መጡባት። ልጁ ከሰመመን ነቅቶ እንደሆነ የሚጠይቅ አባት። ቁጥሩን ረስቶ የሚያፍር ሽማግሌ። ምንም ሳትናገር ለረጅም ጊዜ የተነፈሰችና «ይቅር፣ ግድ የለም» ብላ የዘጋች ሴት። ያች ሴት ማንን ልታገኝ ፈልጋ እንደነበር ስታስብ ቆየች። ዓይኗን ስትገልጥ የመስኮቱ መስታወት በጉም ተሸፍኗል፤ ስክሪኑ ላይ ያው ዓረፍተ ነገር ተቀምጧል።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ጋሼ ካርድ መጡ። የካርድ ክፍሉ አዛውንት ናቸው፤ የቀጠሮ ደብተር ይዘው በአንዲት ትንሽ መስኮት ሠላሳ ዓመት ሰው ያስተናገዱ። ከአክስቴ ጋር በአንድ ወር ነው የተቀጠሩት።

«ሰኞ ነው አሉ» አሉ ወንበር እየሳቡ።

«ከሠራ።»

«እምቢ አለ እንዴ?»

«እስካሁን እምቢ ብሏል።»

ደስ ሲላቸው አየች። ማየቷንም ስላወቁ አንገታቸውን ደፉ።

«አንቺን ከስልኩ ሲያነሱሽ እኔ ምን ብዬሽ ነበር?» አሉ ቆይተው።

«ምንም። ኮሪደር ላይ ስታየኝ መንገድ ቀየርክ።»

«አፍሬ ነው። ምን ይባላል?»

«አውቃለሁ። እኔም ዛሬ ምን እንደምልህ ጠፍቶኛል።»

ጋሼ ካርድ ወሬውን ለመቀየር ስለ ሥራቸው ማውራት ጀመሩ። የቀጠሮ ደብተሩ ሁለት ነው፤ አንዱ እሳቸው ጋ፣ ግልባጩ ሐኪሙ ጋ። «እኔ ቀኑን እሰርዛለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ በቀይ አሰምርበታለሁ። ሐኪሙ የሚገልጠው የራሱን ነው። በሽተኛው በር ላይ ስምህ የለም ይባልና እኔ ላይ ይጮሃል። ተሳስቼ እኮ አይደለም፤ ያረምኩት የማይነበበውን ነው።»

አክስቴ ወደ እሳቸው ዞረች። «እስቲ የመጨረሻውን ድገመው።»

«ያረምኩት የማይነበበውን ነው። ምነው?»

ወደ ስክሪኑ ተመልሳ የሰርቨሩን ዋና ፋይል ከፈተች። ፕለጊኑ ፋይሉን ከየት እንደሚያነብ የሚናገር አንድ መስመር አለ፤ ያን መስመር ሦስት ቀን ሙሉ ያየችው መስሏት አልፋዋለች። የሚጠቁመው ሌላ ፎልደር ነበር። እዚያ ስትሄድ ያው ስም ያለው ሌላ ፋይል ተቀምጧል፤ ፕሮግራሙን የተከሉት ሰዎች በመጡ ዕለት የተጻፈ፣ ውስጡም በራሳቸው ቢሮ ያለ፣ ሆስፒታሉ የማያውቀው ማሽን ስም ያለበት። ሰርቨሩ ሲያነብ የከረመው እሱን ነው። እሷ ስታርም የከረመችው ግልባጩን።

ትክክለኛውን ወደዚያ ፎልደር ለማዛወር የሚያስፈልገው አንድ ትእዛዝ ነው። ጻፈችው። ግን ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ።

«ይህን ከነካሁት ይሠራል» አለች። «ሰኞ አንተ መስኮት ላይ ሰው አይኖርም።»

ጋሼ ካርድ በመስኮቱ ዛሬም ያላባራውን ዝናብ አዩ። «ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምገባ ታውቂያለሽ? አሥራ አንድ ሰዓት። ከእኔ ቀድመው መሬት ላይ ካርቶን አንጥፈው የተኙ አሉ። ትናንት አንዲት ነፍሰ ጡር ግድግዳ ተደግፋ፣ ቆማ አንቀላፍታለች። ቁጥር ሰጥቼ ስጨርስ እሷ አልደረሳትም።» ጉልበታቸውን አሹ። «ንኪው እባክሽ።»

ነካችው። ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሳች። ነጭ ገጽ መጣ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ «የሚፈልጉትን ክፍል ይምረጡ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አክስቴ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠች።

«ጉልበቴን ያመኛል» አሉ ጋሼ ካርድ። «እኔን አስቀድሚኝ።»

በዚያ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ቀጠሮ የያዙት እሳቸው ናቸው። ስማቸውን ራሳቸው በሁለት ጣት ጻፉ፤ የአያታቸውን ስም ሁለቴ ተሳስተው አስተካከሉ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ላያት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ሰልፉ የወትሮውን ሲሶ አይሆንም። እሷ ስክሪኑ ፊት እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ገጽ ላይ ነጫጭ መስመሮች ከታች እየወጡ ወደ ላይ ይሸሻሉ።

«እያንዳንዷ መስመር አንድ ሰው ናት» አለችኝ በለሆሳስ። «ይህ አሁን የልብ ሐኪም ጠየቀ። ይህችኛዋ ሕፃናት ክፍል።»

«ስማቸው ይታያል?»

«አይታይም። ሰዓቱና የፈለጉት ብቻ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። መስመሮቹን አብረን አየን። አንዳንዴ ሦስት አራቱ ተከታትለው ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ገጹ ጸጥ ይልና ሁለታችንም አንዱን የምንጠብቅ ይመስል ትንፋሻችንን እንይዛለን።

«ድምፃቸው አልናፈቀሽም?» አልኳት።

«ናፍቆኛል» አለች። «ሲደውሉ ፍርሃታቸው ይሰማኝ ነበር። ‹አይዞህ፣ አሁን አገናኝሃለሁ› እላለሁ። እዚህ አይዞህ የምልበት ቦታ የለም።»

በዚያው ሳምንት ኃላፊው ዘንድ ገብታ፣ ቀጠሮ ተይዞ ሲያልቅ ከገጹ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገባ ጠየቀች። ዲዛይኑ ላይ የለም አላት። ቀኑን ሙሉ ዝም ስትለው አስገባው፦ «አይዞዎት፣ ቀጠሮዎ ተይዟል።»

ጋሼ ካርድ ከመስኮታቸው አልተነሡም። ስማርት ስልክ የሌለው ብዙ ነበርና ያን ሁሉ ሰው በሁለት ጣታቸው እየመዘገቡ ጡረታቸው ድረስ ሠሩ። አክስቴ ከእሳቸው አንድ ዓመት ዘግይታ ወጣች።

ባለፈው ወር እቤት ሳለን ኃላፊው ደወለላት። አዲስ ሰርቨር መጥቷል፤ ሲያዛውሩ ያች ዓረፍተ ነገር ጠፍታለች፤ ሕመምተኞች ቀጠሯችን አልተያዘም ማለት ነው ወይ እያሉ አስቸግረዋል። አክስቴ የሰማችውን ሰምታ፣ በየትኛው ፋይል፣ ከስንተኛው መስመር በታች እንደምትገባ ቀስ ብላ አጻፈችው። አንብበህ አሰማኝ አለችው። ካነበበላት በኋላ ስልኩን ዘግታ ልብስ ልታሰጣ ወጣች።