ከስኒው ሥር

የአባዬን አሮጌ የጠላቂ ዋናተኛ ሰዓት ላድስ የጀርባ ክዳኑን ስከፍት የማሽን ዘይት ሸተተኝ። ሽታው ቡራዩ፣ መንገድ ዳር ወደነበረችው የኦቦ ገመዳ የሰዓት መጠገኛ መለሰኝ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። አባዬ እጄን ይዞ ቆሞ ዓይኑን ከኦቦ ገመዳ ጣቶች ላይ አልነቅል አለ። ሰዓት ሠሪ የሰው ሰዓት ሆድ ዕቃ በርካሽ ይቀይራል ሲባል ሰምቶ ነበር። ኦቦ ገመዳ የዚህኑ ሰዓት ማሽን አውጥተው ስኒ ደፉበት።

"ምኑን ነው የሚሸፍኑት ኦቦ?"

"አቧራ እንዳይገባበት ነው።"

"አሃ፣ አቧራ!" አለ አባዬ።

ኦቦ ገመዳ ቀና አሉ። "ለማሽኑስ ስኒ አለኝ። ላንተ ዓይን ግን ምን ልድፋበት?"

አቧራ የገባበት መስሎኝ እስከ ቤታችን ድረስ የአባዬን ዓይን ሽቅብ እያየሁ ሄድኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባዬ "ይሄ የኔ ሰዓት አይደለም" እንዳለ አረጀ።

ዛሬ የፊቱን ቀለበትና መስታወቱን ቀይሬ ስጨርስ ማሽኑ ላይ ስኒ ደፋሁ። አባዬ ከሶፋው ቀና አለ።

"ምኑን ነው የምትሸፍኚው?"

"አቧራ እንዳይገባበት ነው አባዬ።"

"አሃ" አለ፤ በዚያው ዓይኑ እያየኝ።

ኦቦ ገመዳ ያኔ ማሽኑን ይቀይሩ አይቀይሩ አላውቅም። እኔ ግን ከስኒው ሥር ያስቀመጥኩት ሳልነግረው የገዛሁትን አዲስ ማሽን ነበር።