ዋንዛ የሚያስመስለው ቀለም

ወንድሜ ቢቸና ላይ የእንጨት ሥራ ቤት ሲከፍት እኔን የጠራኝ ለቀለሙ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜዬ ካለፈ በኋላ የማታ ትምህርት ገብቼ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ከመጽሐፌ ቀና ስል እጄ ሥራ ይፈልጋል። ሰው የተሰበረ የዋንዛ ሣጥን፣ የአባቱን አልጋ ተሸክሞ ይመጣል። ወንድሜ የጎደለውን በአዲስ ዋንዛ ይተካዋል። አዲስ ዋንዛ ግን ነጣ ይላል፤ አሮጌውን ያጠቆረው ዘመን ነው። ያንን ዘመን በአንድ ቀን ማምጣት የእኔ ድርሻ ሆነ።

ቀዩን አፈር ከተናደ ገደል ቆፍሬ አመጣለሁ፤ ወቅጬ በአሮጌ ነጠላ እነፋዋለሁ፤ በውሃ በጥብጬ አሸዋው ሲዘቅጥ ላዩን ቀድቼ አደርቀዋለሁ። ጥቁሩ ከኩራዝ ጥላሸት ነው። ያስቸገረኝ ቢጫው ነበር። በአቅራቢያችን ያለው አሸዋ ይበዛዋል፣ ቫርኒሽ ውስጥ ሲገባ እንጨቱን ይቧጭራል። ወንድሜ ሞጣ ደርሶ ሲመለስ በወረቀት የጠቀለለ ቢጫ ዱቄት ያመጣልኛል፤ አንዱ ካንዱ አይገጥምም። አንዴ ሎሚ ይመስላል፣ አንዴ ጭቃ።

"እኔው ሄጄ ልምረጥ" ስለው፣

"ምን ሊያደርግልሽ እታለም? የሞጣ ነጋዴ ሴት ሲያይ እርድ ጠቅልሎ ነው የሚሸጥላት። ቢጫውም ጠፍቷል እኮ! እኔ ለምኜ የተረፈውን አመጣልሻለሁ፤ አንቺ መጽሐፍሽን አንብቢ" ይለኛል።

አነበብሁ። እንደ እናት ልጅ ማን ያስባል ብዬ።

አንድ ጊዜ የአንድ ሽማግሌ ቄስ አትሮንስ በእጄ ሳለ ቢጫው አለቀ። ወንድሜ እንጨት ሊገዛ ደብረ ኤልያስ ሄዷል። ቄሱ ደግሞ ለበዓሉ ይፈልጉታል። በማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርሁና ደብረ ወርቅን አልፌ ሞጣ ገባሁ።

ሁለተኛው ሱቅ ላይ አገኘሁት። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል አሸሁት፤ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ፣ አንድ ጠጠር የሌለው።

"ሁልጊዜ ይገኛል?"

"ኧረ ሞልቷል እትዬ! ማን ይነካዋል? አንድ የቢቸና አናጢ ብቻ ነው፤ እሱም በቆርቆሮ ሙሉ ነው የሚወስደው።"

በቆርቆሮ ሙሉ። እኔ ዘንድ የሚደርሰው ጥቅል ከአንድ እፍኝ በልጦ አያውቅም። ለነጋዴው አባባል ምክንያት ልፈልግለት ሞከርሁ፤ ሌላ አናጢ ይሆናል አልሁ።

የገዛሁትን አንድ ቆርቆሮ ይዤ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ስመለስ የቤት ዕቃ ከሚሸጥበት ረድፍ አንድ የሙሽራ ሣጥን አየሁና ቆምሁ። መልኩን እንደ ራሴ የእጅ ጽሕፈት ለየሁት፤ ሣጥኑን ግን ቀብቼው አላውቅም። አንዲት እናት ልጇን አስከትላ ሻጩን ትከራከራለች።

"ዋንዛ ነው እማማ፣ ማርያምን! የቢቸናው ሰውዬ ሥራ ነው። ቀለሙን የምታሳምረው እህቱ ናት አሉ፤ የተማረች ናት።"

ክዳኑን ብድግ አደረግሁት። ከበደኝ። ዋንዛ ቀላል እንጨት ነው። ብሩሽ ያልደረሰበትን የጀርባውን ወገን አየሁ፤ ባሕር ዛፍ፣ ከአሁኑ ጥጉ የተሰነጠቀ።

እናትየዋ ወደ እኔ ዞረች። "ምነው እህቴ፣ ታውቂያለሽ መሰል?"

ብናገር ቤታችን ገበያ ያጣል። ልጅቱ ሣጥኑን በመዳፏ ትዳብሰዋለች።

"ባሕር ዛፍ ነው" አልሁ።

"አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?" አለ ሻጩ።

"የተማረችው እህቱ።"

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እናትየዋ ግን አልሳቀችም፤ የልጇን እጅ ይዛ ሄደች።

ወንድሜ ሲመለስ የቢጫውን ቆርቆሮ መሥሪያው ጠረጴዛ ላይ አገኘው። ትንሽ አየት አደረገውና መላጊያውን አነሣ።

"ሞጣ ሄድሽ?"

"ሄድሁ።"

"ታዲያ ምን አጠፋሁ? ድሃ በምን አቅሙ ዋንዛ ይገዛል? ዋንዛውን ባያገኝ መልኩን አገኘ።"

"መልኩን ነው ብለህ ሽጥላቸዋ!"

"ያ የማታ ትምህርት ነው አንቺን ያበላሸሽ።"

"ከእንግዲህ እንጨቱን ሳይቀባ ካላየሁት አልበጠብጥልህም።"

"አትበጥብጪ" አለኝ፣ ቁጣ እንኳን በሌለው ድምፅ። "ልኩን እንደሆነ አውቄዋለሁ።"

እውነቱን ነው። ስንት ማንኪያ ቀይ፣ ስንት ቢጫ፣ ጥላሸቱ መቼ እንደሚገባ ጎኑ ቆሜ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ከባሕር ዛፉ ይልቅ ያመመኝ ያ ነው፤ "መጽሐፍሽን አንብቢ" የሚለኝም እንደ ወንድም አዝኖልኝ አልነበረም።

አትሮንሱን ጨርሼ ለቄሱ አስረከብሁና ወደ ሥራ ቤቱ አልተመለስሁም። እሱ ግን አላቆመም። ሠርግ ተጠርቼ ስሄድ ሣጥኑን ጓዳ ወስደው ያሳዩኛል። "የእርስዎ እጅ ነው አሉን" ይሉኛል።

"አይደለም" እላለሁ።

ትሕትና ይመስላቸዋል።