የገብስማዋ ቄብ አንገት

ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ያቺን ጫጩትሽን አንገቷን በሁለት ጣቴ ደግፌ ስይዝልሽ፣ የጭንቅላቷ ክብደት መዳፌ ላይ አረፈ። ክብደት ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ሙቀት ብቻ ነው። አንቺ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ያመጣሽውን ቢጫ ዱቄት በውኃ ስትበጠብጪ ብዙ አወራሽኝ፤ አልሰማሁሽም። እርጥብ ላባና ብቅል ሸተተኝ። መካነ ሰላም ዳር ያለው ግቢያችን፣ ክረምቱ፣ ከክዳኑ ጫፍ የሚንጠባጠበው ውኃ ድምፅ ሁሉ መጣብኝ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። እኔ ልጃገረድ ነኝ፣ ትምህርት ቤት ግን አልገባሁም። አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ወንድ ብሆን ዳዊት ያስደግሙኝ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት መሠረተ ትምህርት ሲመጣ፣ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ፣ ከእናቴ እኩዮች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ማንበብ ከቻልኩ ወዲያ ፊደል ያለበትን ሁሉ አነብ ነበር፤ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር።

አጥር የምንጋራቸው አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ነበሩን። ባላቸው የሞተባቸው፣ ከአንድ ወንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ሴቷ ልጃቸው ወረኢሉ ተድራለች። እናቴም እኔም እትዬ እንላቸው ነበር። በአጥሩ መሀል ሰው የሚያሾልክ ክፍተት አለ። ፍሙም፣ ወንፊቱም፣ ወሬውም የሚያልፈው በዚያ ነው። በበራችን ከዚያ ክፍተት የበለጠ የተጠቀምን አይመስለኝም።

በዚያ ዓመት እትዬ አንዲት ገብስማ ጫጩት በርቢ ሰጡኝ። ጫጩቷ የሳቸው ናት፤ ማሳደጉ የእኔ፤ አድጋ ስትፈለፍል ልጆቿን እኩል እንካፈላለን። «እናት አድርጊያትና ያኔ እንተሳሰባለን» አሉኝ። በሕይወቴ የእኔ የተባለ ነገር ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያውም ግማሹ።

ቄብ ወደ መሆኑ ስትቃረብ ዝናቡ በረታ። ዶሮዎቻችን ጓሮ ወጥተው መጫር አልቻሉም፤ ማድ ቤት ተዘግተው ከወፍጮ የተረፈውን እብቅ ይለቅማሉ። ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ገብስማዋን ጥግ ተቀምጣ አገኘኋት። አንገቷ እንደ ውኃ ያጣ የጎመን አገዳ ታጥፏል። ቀና ሳደርጋት ወደ ኋላ ይዞርና ምንቃሯ ጣሪያውን ያያል፤ ስለቃት ጭንቅላቷ በእግሮቿ መሀል ይገባል።

እናቴ ገና ከበሩ ሆና አየቻትና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ፈንግል ነው» አለች።

ፈንግል የዶሮ መቅሰፍት ነው። አንገት ይጠመዝዛል፤ ሲገባ ሰፈር ሙሉ ጠርጎ ይወጣል። እናቴ ልጅ ሳለች የእናቷን ዶሮዎች በሙሉ የፈጀባቸው እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዶሮ ባስነጠሰ ቁጥር ፈንግል ይታያታል።

«ለትልልቆቹ ሳይተርፍ ከቤት ትውጣ» አለች።

በክፍተቱ ሮጬ እትዬን ጠራሁ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው መጡ፣ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብለው ገብስማዋን ጉያቸው አስገቧት። ምንቃሯን ከፍተው አሸተቱ። ክንፏን ገልጠው ዳሰሱ።

«በይ መሪጌታዋ» አሉኝ፤ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ የሚቀልዱብኝ እንዲህ እያሉ ነው፤ «መጽሐፉ ምን ይላል?»

«ኩሷ አረንጓዴ አይደለም» አልኩ። «አታስልም። አፏም አይዝረበረብም። ሌሎቹም ደኅና ናቸው።»

«ሸጋ። ፈንግል አንድ ዶሮ ይዞ አይቀመጥም፤ ከነቤተ ዘመዱ ነው የሚመጣ።» ወደ እናቴ ዞሩ። «ይቺ የበይ ተመልካች ሆና ነው አንቺ። ትልልቆቹ እየነቆሩ ያባርሯታል፤ የደረሳትም እብቅ ነው። አንገቷን የጣለው ጉዳት ነው።»

«እትዬ፣ ቢሆንብኝስ?»

«አብሽሪ። ከሆነ የኔም ዶሮዎች አብረው ያልቃሉ፤ ያን ጊዜ አብረን እናለቅሳለን።»

ሕክምናው ይኸውልሽ። ብቻዋን እንቅብ ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ። የጎመን ቅጠል ደቆ፣ የሱፍ ውኃ በጣት ጠብ እየተደረገ፣ አንገቷ በእጅ ተደግፎ ቀስ ተብሎ፤ ወደ ሳንባዋ እንዳይሄድ። ከሁሉም በላይ ግን ብቅል። እናቴ ለቡሄ ጠላ ልትጠምቅ ገብስ አብቅላ ነበርና፣ ጢሙን ያወጣውን እየነጠቅኩ እፈጭላት ጀመር። እትዬ ሊሄዱ ሲሉ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ሌላም ነገር ያድናት ነበር። የእናንተ ቤት ነገር ነው፣ እኔ ስሙን አልጠራም። ከጋኑ ሥር የሚቀረው።»

«አተላ?»

«እኔ አላልኩም» አሉና በክፍተቱ ሾልከው ገቡ። ከአጥሩ ወዲያ ሲስቁ ይሰማኛል።

አንገቷ ቶሎ አልተነሣም። መጀመሪያ ጭንቅላቷ ከእግሯ መሀል ወጣ፤ ከዚያ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ቆየ፣ የሆነ ነገር የምታዳምጥ ይመስል። ሲጨንቀኝ ጣቴን አንገቷ ሥር አድርጌ ደሟ ሲመታ እሰማ ነበር። በእውነት መቅናቷን ማስታወሴን እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ፤ ዛሬ የማስበው በምኞት ያቀናሁትን አንገት እንዳይሆን። ግን ገና የቡሄ ጠላ ሳይጣራ ከጣቴ ላይ አንድ የገብስ ፍሬ ነጥቃለች። ይኼን አይቻለሁ።

ጠላው በተጣራ ዕለት እኔ መሠረተ ትምህርት ሄጃለሁ። እናቴ አተላውን ጓሮ ደፋችው። ገብስማዋ ከእንቅቧ ወጥታ፣ ማንም ሳይደግፋት፣ በራሷ አንገት አተላው ላይ ሄደች። እስክትጠግብ በላች። ከዚያ እዚያው ተዘረረች።

እናቴ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ክንፏ ተዘርግቷል፣ ዐይኗ ተከድኗል፣ አንገቷ ጭቃው ላይ ተጥሏል። በኛ አገር ከብትም ይሁን ዶሮ በራሱ ከሞተ ጥንብ ነው፤ ሊሞት ሲል ያየ ሰው ከማሰቡ በፊት ቢላ ይጠራል። እናቴም ጠራች።

አባቴ ከቅዳሴ ገና መግባታቸው ነበር። «በጾም?» አሉ።

«ትሞትብኛለች፣ ይቁረጡልኝ።»

በስመ አብ ብለው ቆረጡ። ደሙ መሬት ላይ ከፈሰሰ በኋላ ነው ሁለቱ የተያዩት። እኛ ጾመኞች ነን፤ እትዬ የክርስቲያን ቢላ ያረፈበትን አይበሉም። አንዲት ዶሮ ለማንም እንዳትሆን አድርገው አረዷት።

ስመለስ እናቴ ገብስማዋን በእንቅቡ ይዛ አጥሩ ክፍተት ላይ ቆማለች። የርቢ እንስሳ ሲሞት ለባለቤቱ ማሳየት ወግ ነው። ታለቅስ ነበር። እትዬ ተቀበሏት፤ ከአንገቷ ሥር ያለውን፣ እህል የምታጠራቅምበትን ከረጢት በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። እንደ ድንጋይ ሞልቷል። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና አሸተቱ። የጠላ ሽታው እኔ ድረስ መጣ፤ እናቴ ግን ራሷ ጠላ ስታጣራ የዋለች ናትና አልተለየላትም። ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። ድና ነበር። ሰክራ ተኝታ ነው።

«ምን ነበር እትዬ?» አለች እናቴ።

እትዬ የእናቴን ፊት ሲያዩ ቆዩና፣ «ፈንግል ነበር» አሉ። «አንቺ ልክ ነሽ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩ። ደግ አደረግሽ።» ክንፏን መልሰው አጣጠፉላት። ለእኔ በዐይናቸው ዝም በይ አሉኝ።

ለእናቴ ብለው ነው። በገዛ እጇ የዳነች ዶሮ አስገደልኩ ብላ እንዳትቆጭ። ስለ እናቴ ግን አንድ ነገር ረስተው ነበር፤ እናቴ የሰው ንብረት እንዳይነካ የምትጠነቀቅ ሴት ናት። በማግስቱ ከአባቴ ጋር ሆና ያንን ክፍተት በእሾህ ዘጋችው። «ቤቴ በሽታ ገብቶበታል» አለች። «የእትዬን ዶሮዎች የምፈጅባቸው እኔ ልሁን?» ፍም ቢያስፈልጋት ከሩቅ ጎረቤት አስመጣች። እትዬ በበር በኩል ሲመጡም ከግቢ ሳታስገባ፣ ጠጋ ሳትል አነጋገረቻቸው። ሌሎቹ ዶሮዎቻችን ደኅና ሆነው ሲከርሙም፣ «ቶሎ ስላረድናት ነው» አለች። እውነቱን እንድንነግራት እትዬን ለመንኳቸው። «ቆይ፣ ሐዘኑ ይብረድላት» አሉኝ። እኔም ቆየሁ።

መስቀል ካለፈ በኋላ የእትዬ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለና ሄደ። ብቻቸውን ኑሮ መግፋት አይችሉም፤ ወረኢሉ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ተነሡ። ዶሮዎቻቸውን ቅርጫት ውስጥ አድርገው፣ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ወደ እሾሁ መጡ።

«አንቺ፣ ልንገርሽ» አሉ። «ያቺ ዶሮ ፈንግል አልነበረባትም። ድና ነበር። አተላ በልታ ሰክራ ነው የተኛች።»

«እውነት ነው እማዬ» አልኩ። «እኔም አይቻለሁ።»

እናቴ ፈገግ አለች። እስከ ዛሬ የማየው ያንን ፈገግታ ነው። «እርስዎ ደግ ነዎት እትዬ» አለች። «ሲሄዱ ልቤን እንዳይከፋው ብለው ነው። ይቺም ከእርስዎ ተምራ ነው።»

«ወላሂ አንቺ...»

«አይማሉ። አይጠጉ ደግሞ፤ በሽታው ልብሴ ላይ ይኖራል። ዶሮዎችዎን ይዘው ነው የሚሄዱት።»

እትዬ እጃቸውን በእሾሁ ላይ አሳልፈው ዘረጉ። «አፉ በዪኝ፣ በድዬሻለሁ» አሉ። እናቴ ከልማድ እንዳይዘረጉባት ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራ፣ ከእሾሁ ወዲህ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።