መወርወሪያውን የሚጠይቀው ድምፅ

ጽጌሬዳ ከሲቀላ ገበያ ፈንጠር ብላ ባለችው ትንሽ የሸማ ሙዚየም ለጎብኚ ልጆች ጨዋታ ትሠራለች። በእኛ ጊዜ ሙዚየም ስንገባ «እጅ ወደ ኋላ!» እንባል ነበር፤ እርሷ ግን «ንኩ፣ ፈልጉ» ትላለች። ሸማኔ ቁጭ ብሎ እግሩን ከሚሰድበት ጉድጓድ አጠገብ ያለውን ቀይ ቁልፍ ሲጫኑት የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ይወጣል፦ «ልጆች፣ መወርወሪያዬ ጠፋብኝ፤ እስቲ ፈልጉልኝ።» ያን ጊዜ ልጆቹ በድሩ መሃል ክር የሚያመላልሰውን ያን እንጨት ፍለጋ በየቅርጫቱ ሲርመሰመሱ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ድምፁ ከጨንቻ ወርደው አርባ ዓመት እዚያው ሰፈር የሸመኑት የአቶ ኦይታ ነው። ድምፃቸው የተቀዳው ማክሰኞ ነበር። ጉሮሯቸው ስለ ደረቀ «አገኛችሁት? ተባረኩ» የሚለውን መዝጊያ ለሚቀጥለው ሳምንት አቆዩት። ሳምንቱ ሳይሞላ አረፉ።

ስለዚህ ልጆች መወርወሪያውን አግኝተው ቦታው ሲመልሱት መልስ የለም። «ለምን አያመሰግኑም?» አለች አንዲት ተማሪ። አመሻሽ ላይ በር ስትዘጋ ያ ዝምታ አብሯት የሚወጣ ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አስቴር መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ባሌን ቀጠርሽው አሉ! በዕድሜው ለማንም ያልተቀጠረውን ሰው!»

«እማማ፣ እኔኮ...»

«ኦይታ መወርወሪያው ከጠፋ እራት ቢቀርብም ከጉድጓዱ አይነሳም ነበር። አሁንም ቁጭ ብሎ ይፈልጋል ማለት ነው። አጥፊውና ይረፍ።»

«ቤት ውስጥ ሌላ የተቀዳ ድምፅ አላቸው?»

«ከየት መጥቶ!»

«እንግዲያው ይህን ካጠፋሁት ድምፃቸውን ዳግመኛ አንሰማም።»

ወይዘሮ አስቴር ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑት። ድምፁ ሲወጣ ግድግዳውን ያዙ።

«ጉሮሮው ደርቋል» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያም ቅርጫቶቹን ሳያዩ ከጉድጓዱ መቀመጫ ሳንቃ ስር እጃቸውን ሰደው መወርወሪያውን አወጡ። «ሁልጊዜ የሚረሳው እዚህ ነው።»

ጽጌሬዳ ደነገጠች። ጠዋት የደበቀችው ቅርጫት ውስጥ ነበር። ምናልባት ልጆች አዛውረውት ይሆናል።

አሮጊቷ ወደ ባዶው ጉድጓድ ጎንበስ አሉ። «ይኸው ተገኘ፣ ኦይታ። በል ተነስ፤ እራት ቀርቧል።»

«እማማ፣ ይህንኑ ደግመው ይሉልኛል? ልቅዳው።»

ደገሙላት።

ዛሬ ልጆች መወርወሪያውን ሲመልሱ የሴት ድምፅ ይመልሳል። ጽጌሬዳም ማታ ማታ ልትወጣ ስትል ቁልፉን ትጫናለች፤ መወርወሪያውን ቦታው ታስቀምጣለች፤ «እራት ቀርቧል» እስኪባልም ትጠብቃለች። ሳይባል በሩን አትዘጋም።